የተሽከርካሪ ወንበርና በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የመንቀሳቀሻ መሣሪያዎች እንክብካቤና ጥገና፦ ለተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

1. መግቢያ

ተሽከርካሪ ወንበር (ዊልቸር) መራመድ ለማይችል ወይም በእግሩ ረዥም መንገድ ለመጓዝ ለሚቸገር ሰው ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሥራ፣ ወደ ጤና ተቋም፣ ወደ ቤተ እምነትና ወደ ገበያ የሚያደርስ መሣሪያ ነው። ወንበሩ በተበላሸ ቁጥር ተማሪው ከትምህርት ገበታው ይቀራል፤ ሠራተኛው ከሥራው ይስተጓጎላል፤ ቤተሰቡም ተጠቃሚውን ተሸክሞ ለማንቀሳቀስ ይገደዳል። ጥገናው ለሳምንታት ሲዘገይ ደግሞ ተጠቃሚው ለውድቀት፣ ለመቀመጫ ቁስልና ለሌሎች የጤና ችግሮች ይጋለጣል።

ከባድ ብልሽቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከቀላል ነገር ነው። አየሩ የቀነሰ ጎማ፣ የላላ ብሎን ወይም አቧራ የገባበት ኩሽኔታ በወቅቱ ከታየ በጥቂት ደቂቃ ሥራና በአነስተኛ ወጪ ይስተካከላል፤ ችላ ከተባለ ግን ወንበሩን ከአገልግሎት ውጪ ሊያደርገው ይችላል። ይህ መረጃ ተጠቃሚዎች፣ ቤተሰቦቻቸውና ደጋፊዎቻቸው በቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚችሉ፣ የትኛውን ሥራ ለባለሙያ መተው እንዳለባቸውና ለጥገና ሲቀርቡ ምን መያዝ እንደሚጠቅማቸው ያብራራል።

2. የሕግ መሠረት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የኢኮኖሚ አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 20 ጥራት ያላቸው የመንቀሳቀሻ መሣሪያዎች በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲገኙ የማመቻቸትን፣ ለአካል ጉዳተኞችና አብረዋቸው ለሚሠሩ ባለሙያዎችም የመንቀሳቀስ ክህሎት ሥልጠና የመስጠትን ኃላፊነት በአባል አገሮች ላይ ይጥላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የተሽከርካሪ ወንበር አቅርቦት መመሪያ አገልግሎቱን በስምንት ደረጃዎች ከፍሎታል። ስምንተኛው ደረጃ ጥገናና ክትትል ነው። ስለሆነም ወንበሩን ማስረከብ የአገልግሎቱ መጨረሻ አይደለም፤ ተጠቃሚው ወንበሩን ከተረከበ በኋላ ለጥገናና ለክትትል ተመልሶ መቅረቡ የአገልግሎቱ አካል ነው።

3. ወንበሩን ሲረከቡ መታየት ያለባቸው ነገሮች

የወደፊቱ ጥገና ቀላል ወይም አስቸጋሪ የሚሆነው በአብዛኛው በርክክቡ ዕለት ነው። ተጠቃሚው ወይም ቤተሰቡ ከአገልግሎት ሰጪው ወይም ከለጋሹ የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

የጎማው ልክ፦ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ተመዝግቦ ሊቀመጥ ይገባል። ሁለት ጎማዎች "24 ኢንች" ተብለው ቢጠሩም ላይተካኩ ይችላሉ። በብዙ ተሽከርካሪ ወንበሮች ላይ የሚገኘው የኋላ ጎማ ቁጥር በ540 የሚያበቃ ሲሆን (ለምሳሌ 37-540)፣ የ24 ኢንች የተራራ ብስክሌት ጎማ ግን በ507 ያበቃል። የመጨረሻው ቁጥር ጎማው የሚቀመጥበትን የቸርኬውን ዲያሜትር በሚሊሜትር የሚያሳይ በመሆኑ የ507 ጎማ በ540 ቸርኬ ላይ አይገባም። ይህን ሳያረጋግጡ ጎማ መግዛት ገንዘብን ለኪሳራ ይዳርጋል።

የመለዋወጫ አቅርቦት፦ ጎማው፣ ካሌማዳሪያው፣ ኩሽኔታውና ብሎኑ በአካባቢው ገበያ የሚገኝ ከሆነ ወንበሩ ረዥም ዘመን ያገለግላል። ከውጭ አገር ያገለገለ ወንበር በስጦታ የሚቀበሉ ሰዎች ይህን ነጥብ አስቀድመው ማየት ይኖርባቸዋል።

የብረቱ ዓይነት፦ ማግኔት የሚይዘው አካል ብዙውን ጊዜ ተራ ብረት ነው፤ የማይዘው በአብዛኛው አልሙኒየም ነው። ተራ ብረት በአካባቢው የብየዳ ባለሙያ ሊጠገን ይችላል። አልሙኒየም ግን የተለየ የብየዳ መሣሪያና ሙያ ይፈልጋል።

ልክና ምቾት፦ ወንበሩ ከተጠቃሚው ሰውነት ጋር የሚስማማ መሆኑ በባለሙያ መረጋገጥ አለበት። ሕፃናት በፍጥነት ስለሚያድጉ የወንበራቸው ልክ ቢያንስ በየስድስት ወሩ እንደገና መታየት ይኖርበታል።

4. መደበኛ የእንክብካቤ መርሐ ግብር

ሀ. በየዕለቱ

• ፍሬኑ ወንበሩን አጥብቆ መያዙን ማረጋገጥ፤
• የመቀመጫው ትራስ በትክክለኛው አቅጣጫ መቀመጡንና አለመርጠቡን ማየት፤
• የኋላ ጎማው ተነቃይ ከሆነ አክስሉ እስከ መጨረሻው ገብቶ መቆለፉን ጎማውን ወደ ውጭ ሳብ በማድረግ መፈተሽ፤
• በዝናብ ወይም በጭቃ ከተጓዙ በኋላ ወንበሩን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ።

ለ. በየሳምንቱ

• የጎማዎችን አየር መለካት። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የአየር ግፊት መጠን መመሪያ ሲሆን፣ መለኪያ ከሌለ ጎማውን በአውራ ጣት አጥብቆ በመጫን ማየት ይቻላል፤ በቀላሉ የሚሰረጉድ ከሆነ አየር ያስፈልገዋል፤
• ወንበሩን እርጥብና በሳሙና የተነከረ ጨርቅ ተጠቅሞ ማጽዳትና ማድረቅ። ኃይለኛ ግፊት ባለው ውኃ ማጠብ ውኃውን ወደ ኩሽኔታው ስለሚያስገባ አይመከርም፤
• በፊት ትናንሽ ጎማዎች አክስል ላይ የተጠመጠመ ፀጉር፣ ክርና ሣር ማውጣት፤
• የተጠቃሚውን ቆዳ ሊቧጭር የሚችል ሹል ጠርዝ መኖር አለመኖሩን በእጅ ዳሰሳ ማየት።

ሐ. በየወሩ

• ብሎኖችንና ዳዶዎችን መፈተሽና የላሉትን ማጥበቅ። ኮብልስቶን በተነጠፈበትና ድንጋያማ በሆነ መንገድ የሚሄድ ወንበር በንዝረት ብዛት ቶሎ ስለሚላላ በየሁለት ሳምንቱ ቢታይ ይመረጣል፤
• የኋላ ጎማዎቹን ከመሬት አንሥቶ በማሽከርከር መወላገድ አለመወላገዳቸውን ማየት፤
• የጎማ ሽቦዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ በመጨበጥ የላላ ወይም የተሰበረ መኖሩን መለየት፤
• በሚታጠፉ መገጣጠሚያዎች ላይ ጥቂት ዘይት ማድረግና የተረፈውን መጥረግ። ዘይት ፍሬኑንና ጎማውን እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አቧራ ስለሚሰበስብ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤
• የብየዳ ቦታዎችን፣ የፊት ጎማዎች የሚገጠሙበትን አካባቢና ወንበሩ የሚታጠፍበትን መስቀለኛ ብረት ለስንጥቅና ለዝገት መመርመር።

መ. በየስድስት ወሩ

ወንበሩን በአካል ተሃድሶ ማዕከል ወይም ልምድ ባለው ባለሙያ ማስፈተሽ ይገባል። ለዚህ አመቺ የሚሆነው ጊዜ ከክረምት በፊትና በኋላ ነው፤ የበጋው አቧራና የክረምቱ ጭቃ ኩሽኔታን በተለያየ መንገድ ይጎዳሉና።

5. የተለመዱ ብልሽቶችና መፍትሔያቸው

የአየር መቀነስና የፍሬን መላላት። በአብዛኛው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለው ፍሬን የሚሠራው ጎማውን ከውጭ በመጫን ነው። ስለዚህ የጎማው አየር ሲቀንስ ፍሬኑ የሚይዘው ነገር ያጣል፤ ወንበሩም ተጠቃሚው ወደ አልጋ ወይም ወደ መጸዳጃ ቤት ወንበር በሚተላለፍበት ቅጽበት ሊንሸራተት ይችላል። ፍሬኑ ላልቶ ሲገኝ በመጀመሪያ ጎማውን መንፋት፣ ችግሩ ከቀጠለ የፍሬኑን ብሎን አላልቶ ወደ ጎማው ማስጠጋትና ማጥበቅ ይገባል። የሁለቱም ጎን ፍሬኖች እኩል መያዝ አለባቸው።

የጎማ መፈንዳት። ካሌማዳሪያው በማንኛውም ጎሚስታ ሊለጠፍ ይችላል። ጎማውን ከመመለስ በፊት የወጋው እሾህ ወይም ብረት መውጣቱንና የሽቦዎቹ ጫፍ ወደ ውስጥ አለመውጣቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ አዲሱ ካሌማዳሪያም በዚያው ቦታ ይበሳል።

ወደ አንድ ጎን መሳብ። ወንበሩ ቀጥ ብሎ የማይሄድ ከሆነ የሁለቱን ጎማዎች አየር ማስተካከል፣ ቀጥሎ የፊት ጎማዎቹን ኩሽኔታ ማየት ይገባል። የፊት ጎማው ሲሄድ የሚርገበገብ ከሆነ የቋሚ ብሎኑ መላላትን ያመለክታል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ወንበሩ በቀላሉ አይዞርም።

የኩሽኔታ መጎዳት። ጎማው ሲሽከረከር የሚያንቋቋ ወይም የሚከብድ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። ተዘግቶ የተሠራ ኩሽኔታ ግራሶ አይጨመርበትም፤ በተመሳሳይ ልክ ይቀየራል። ልኩ በጎኑ ላይ በቁጥር ስለተጻፈ አሮጌውን ይዞ ወደ መለዋወጫ መደብር መሄድ ስሕተትን ያስቀራል።

የዳዶ መጥፋት። በውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ዳዶ በንዝረት እንዳይላላ ተብሎ የተሠራ ነው። ደጋግሞ ከተፈታ ቀለበቱ ስለሚያልቅ በአዲስ መተካት አለበት። በጠፋ ብሎን ፋንታ ምስማር ወይም ሽቦ ማሰር ወደ ቤት ለመድረስ ካልሆነ በቀር መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

የአካሉ መሰንጠቅ። ስንጥቅ የታየበት ወንበር እስኪጠገን ድረስ አገልግሎት መስጠት የለበትም። ስንጥቅ በድንገት ወደ ስብራት ይለወጣል፤ ተጠቃሚውም በመንገድ መካከል ሊወድቅ ይችላል። ሥራው የብየዳ ባለሙያ ነው፤ ከብየዳው በፊት ትራሱና ጨርቁ መነሣት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወንበር ከሆነ ደግሞ ባትሪው መነቀል አለበት።

6. የመቀመጫ ትራስ፦ ችላ ሊባል የማይገባው ክፍል

የጎማ ብልሽት ወዲያውኑ ይታያል፤ የትራስ ማለቅ ግን ሳይታወቅ ይቆያል። የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ደርሶባቸው የመቀመጫ ስሜት ለሌላቸው ሰዎች ይህ ከሁሉም የከፋ አደጋ ነው። ያለቀ ትራስ የአጥንቱ ጫና በአንድ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል፤ በዚህ ምክንያት የሚፈጠረው ቁስል ወራት የሚፈጅ ሕክምና ሊጠይቅና ከተመረዘ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።

የስፖንጅ ትራስ ተጭኖ ሲለቀቅ ወደ ቀድሞ ቅርጹ የማይመለስ ከሆነ፣ ከተሰባበረ ወይም መቀመጫው በጠንካራው መደብ ላይ የሚያርፍ ከሆነ መቀየር አለበት። ይህን ለማወቅ ተጠቃሚው በተቀመጠበት ረዳቱ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ እጁን ከትራሱ ሥር በመቀመጫ አጥንት ትይዩ ያስገባል፤ አጥንቱ በቀጥታ እጁን የሚጫነው ከሆነ ትራሱ ሥራውን አቁሟል። በአየር የሚሠራ ትራስ ደግሞ የአየር መጠኑ በየዕለቱ መታየት ይኖርበታል፤ በጣም የተነፋም በጣም የጎደለም ጉዳት ያስከትላል።

የመደገፊያና የመቀመጫ ጨርቁ ረግቦ ከተሰረጎደ ዳሌና አከርካሪ እንዲጣመሙ ያደርጋል፤ ስለሆነም መወጠር ወይም መለወጥ ይገባዋል። ተጠቃሚው በየጊዜው ወደ ጎንና ወደ ፊት በመዘንበል ጫናውን ማቅለል፣ ቆዳውንም ጠዋትና ማታ በመስታወት ወይም በረዳት ማየት አለበት። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላት ላይታይ ስለሚችል የቀለም ለውጥን፣ ሙቀትንና መጠንከርን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ጫናው ከተነሣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም የማይጠፋ ምልክት ከታየ በዚያ ቦታ ላይ ሳይቀመጡ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

7. በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ

ረዥም መንገድ ለሚጓዙ ሰዎች የሚያገለግለው ባለ ሦስት ጎማ የብስክሌት ክፍሎች ያሉት በመሆኑ ብዙውን ጥገና የአካባቢ ብስክሌት ጠጋኞች ሊሠሩት ይችላሉ። ካቴናው በየሳምንቱ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ በቀላል ዘይት መቀባት አለበት። በጣም የላላ ካቴና በዳገት ላይ ይወልቃል፤ በጣም የጠበቀ ደግሞ ጥርሶቹን ይበላል። የፍሬን ካቦው ክር መበጣጠስ ከጀመረ እስኪቆረጥ ሳይጠበቅ ይቀየራል። ቁልቁለት በሚበዛበት አካባቢ ፍሬኑን ሳይፈትሹ ጉዞ መጀመር አይገባም።

8. በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መሣሪያዎች

ሀ. ባትሪ

ብዙዎቹ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ወንበሮች 12 ቮልት የሆኑ ሁለት ባትሪዎችን አገናኝተው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ባትሪዎቹ የሊድ ዓይነት ከሆኑ ከዕለቱ አገልግሎት በኋላ ቻርጅ መደረግ አለባቸው፤ ባዶ ሆነው መቆየታቸው ዕድሜያቸውን ያሳጥራል። ወንበሩ ለረዥም ጊዜ የማይሠራ ቢሆንም ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ቻርጅ ሊደረግ ይገባል። መቀየር ሲያስፈልግ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ዓይነትና መጠን ይቀየራሉ፤ አዲስና አሮጌ ማቀላቀል አዲሱን ይጎዳዋል። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት እንጂ ቀስ በቀስ ኃይል ለመስጠት ስላልተሠራ ለዚህ አገልግሎት ተስማሚ አይደለም። የሊቲየም ባትሪ ከሆነ ለእርሱ ከተሠራው ቻርጀር ውጪ ሌላ መጠቀም አይፈቀድም፤ ካበጠ፣ ከተቀጠቀጠ ወይም ከተለመደው በላይ ከጋለ ቻርጅ ማድረግ ማቆምና ለባለሙያ ማሳየት ግዴታ ነው።

ለ. ቻርጀር

የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ከሰሜን አሜሪካ የመጡ መሣሪያዎች ቻርጀር ግን ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ከመሰካት በፊት በላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። "100-240" የሚል ከሆነ ያለ ሥጋት ይሠራል፤ "120" ብቻ ከሆነ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋጋ ጠብቆ መሰካት ከኃይል መዋዠቅ ይጠብቀዋል።

ቻርጅ የሚደረገው አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ነው። የሊድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሊነድ የሚችል ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል የከሰል ምድጃ፣ ሻማና ሲጋራ በአቅራቢያው መኖር የለባቸውም። ወንበሩን በመውጫ በር ላይ አቁሞ ቻርጅ ማድረግም አይገባም፤ አደጋ ቢደርስ መውጫውን ይዘጋልና።

ሐ. ሞተርና መቆጣጠሪያ

መንጃ እጀታውንና የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ከዝናብ መከላከል ያስፈልጋል፤ ለአጭር መንገድ የፕላስቲክ ከረጢት ማልበስ ይረዳል። ወንበሩ በድንገት ከቆመ በቅደም ተከተል የሚታዩት ነገሮች፦ ማብሪያው መብራቱ፣ የባትሪው መጠን፣ የሽቦ ማገናኛዎች መጥበቅ፣ ፊውዙ፣ የሞተር መልቀቂያው በትክክለኛ ቦታ መሆኑና ቻርጀሩ አለመሰካቱ ናቸው። በመቆጣጠሪያው ላይ መብራት የሚያርገበግብ ከሆነ ስንት ጊዜ እንደሚያርገበግብ ቆጥሮ መመዝገብ ባለሙያው ችግሩን በፍጥነት እንዲለይ ያግዘዋል። የተቃጠለ ፊውዝን በሽቦ መተካት እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

የሞተር መልቀቂያው ወንበሩን በእጅ ለመግፋት ያገለግላል። ሞተሩ ሲለቀቅ የወንበሩ ፍሬንም አብሮ ስለሚለቀቅ በዳገትና በቁልቁለት ላይ ሰው ተቀምጦበት ሳለ መልቀቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

9. ሥራው የማን ነው?

በቤት ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉ፦ ጽዳት፣ ጎማ መንፋት፣ ብሎን ማጥበቅ፣ ፍሬን ማስተካከል፣ ዘይት መቀባት፣ ባትሪ ቻርጅ ማድረግ። ለዚህም የጎማ መንፊያ፣ ተስማሚ ቁልፎች፣ ካቻቪቴ፣ ጥቂት ትርፍ ብሎኖችና ዳዶዎች፣ አንድ ትርፍ ካሌማዳሪያና ንጹሕ ጨርቅ በቂ ናቸው።

በአካባቢ ባለሙያ የሚሠሩ፦ ጎማ መለጠፍ፣ የተወላገደ ቸርኬ ማቃናት፣ ኩሽኔታ መቀየር፣ ተራ ብረት መበየድ፣ የመቀመጫ ጨርቅ መስፋት።

በአካል ተሃድሶ ማዕከል ወይም በሠለጠነ ቴክኒሻን ብቻ የሚሠሩ፦ የወንበሩን ልክ መለወጥ፣ የተለየ የመቀመጫ ድጋፍ፣ የትራስ ምርጫ፣ የአልሙኒየም አካል ጥገና፣ የሞተርና የመቆጣጠሪያ ሥራ። የመቀመጫ ከፍታ፣ የኋላ ጎማ ቦታ ወይም የመደገፊያ አቀማመጥ በልምድ ቢለወጥ ወንበሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል።

10. ለጥገና ሲቀርቡ

ተጠቃሚው ጥገና የት እንደሚያገኝ ካላወቀ በወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሥራን የሚመራውን ጽሕፈት ቤት፣ በአቅራቢያው ያለውን ሆስፒታል ወይም የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ሊጠይቅ ይችላል። ሲቀርብ የመታወቂያ ወረቀቱን፣ ወንበሩን ሲረከብ የተሰጠው ሰነድ ካለ እርሱን፣ ቀደም ሲል የተደረጉ ጥገናዎችን ዝርዝርና የትራሱን ጭምር ይዞ መሄዱ ሥራውን ያፋጥናል። ወንበሩን ብቻ ሰው አስይዞ ከመላክ ይልቅ ተጠቃሚው ራሱ ቢገኝ ይመረጣል፤ ባለሙያው የአቀማመጡን ሁኔታ አብሮ ሊያይ ይችላልና።

ጥገናው የሚቆይ ከሆነ ተለዋጭ ወንበር መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። ተለዋጩ ልኩ ላይስማማ ስለሚችል በእርሱ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ማሳጠርና የራስን ትራስ መጠቀም ይመከራል።

የተጠገነ ወንበር ሲረከቡ ከመሄድ በፊት የሚከተሉት መረጋገጥ አለባቸው፦ አራቱም ጎማዎች በተስተካከለ መሬት ላይ እኩል መንካታቸው፤ ወንበሩ ሲገፋ ቀጥ ብሎ መሄዱ፤ ፍሬኑ በመጠነኛ ተዳፋት ላይ መያዙ፤ ወንበሩ ያለ ችግር መታጠፉና መዘርጋቱ፤ አዲስ የተበየደው ቦታ ሹል ጠርዝ የሌለው መሆኑ። ጉድለት ከታየ እዚያው እንዲስተካከል መጠየቅ የተገልጋዩ መብት ነው።

11. የጥገና መዝገብ

በአንድ ደብተር ላይ ወንበሩ የተረከበበት ቀን፣ የጎማውና የኩሽኔታው ቁጥር፣ የባትሪው ዓይነትና የተቀየረበት ቀን እንዲሁም እያንዳንዱ ጥገና ቢመዘገብ ሁለት ጥቅም ይሰጣል። ደጋግሞ የሚበላሸው ክፍል ተለይቶ ይታወቃል፤ መለዋወጫም አስቀድሞ መግዛት ይቻላል። ደጋግሞ የሚሰበር ክፍል ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው ወንበሩ ለተጠቃሚው ክብደት ወይም ለሚሄድበት መንገድ የማይስማማ መሆኑን ነው። በዚህ ጊዜ መዝገቡን ለተሃድሶ ባለሙያ በማሳየት የወንበሩ ዓይነት እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይገባል።

አሮጌ የሊድ ባትሪ መርዛማ ስለሆነ መሰበር ወይም ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል የለበትም፤ አዲሱን ለሚሸጠው ወይም አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስብ ተቋም መመለስ ይኖርበታል። አገልግሎቱን የጨረሰ ወንበርም ቢሆን ጎማው፣ ኩሽኔታውና ብሎኑ ለሌላ ወንበር መለዋወጫ ሊሆን ስለሚችል ከመጣሉ በፊት ለጥገና ማዕከል ወይም ለአካል ጉዳተኞች ማኅበር ማስረከብ የሌላውን ተገልጋይ የጥበቃ ጊዜ ያሳጥራል።